ሕግና ደንብ ለንግድ ሥራ የሚሰጠው ጥቅምና የሚያስከትለው ጉዳት

በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ከሁሉ አስቀድሞ ዓመቱን አሳልፎ ለዚህ ስብሰባ ላበቃን አምላክ ምስጋና ይግባው። በዓመቱ ውስጥ የተለዩንን ነፍስ ይማርልን። እንድንናገር የታዘዝነው ስለ ሕግና ስለ ንግድ ነው። እኛ የሕግ ሰው አይደለንም፤ ትምህርታችንም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ነገር ግን ዕድሜያችንን ሙሉ ደብዳቤ ስናስገባና ስናስወጣ፣ መዝገብ ስናገላብጥ ስለኖርን፣ ሕግ ከወረቀት ወርዶ ሰው ደጃፍ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ በዐይናችን አይተናል።

በጥንት ጊዜ አዋጅ ሲወጣ ገበያ መሐል ነጋሪት ተጎስሞ ነበር የሚነገረው። ባልቴቷም፣ ጨው ሻጩም፣ ዕረኛውም እኩል ይሰማል። ከ1934 ዓ.ም. ወዲህ አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ይወጣል፤ የክልላችን ደግሞ በዝክረ ሕግ ጋዜጣ ይታተማል። ስሙ ነጋሪት ሆኖ ቀረ እንጂ ድምፁ ግን ገበያ አይደርስም። ሕጉ ግን ሰማንም አልሰማንም ይሠራብናል። የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ሕግ ንግድን ሊገድል ይችላል። በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 76 የግል ነጋዴው ካፒታል በችርቻሮ ከ200,000 ብር፣ በጅምላ ከ300,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። ይኼ እንኳ ለእንደኛ አገር ሱቅ ሩቅ ነበር። ቅርብ የነበረው የእህሉ ነገር ነው። ገበሬው ከምርቱ የተወሰነውን በኮታ፣ በተቆረጠ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን እንዲያስረክብ ይታዘዝ ነበር። እህል ጭኖ ካንድ አገር ወደ ሌላ ማሳለፍ ደግሞ በኬላ ይጠየቃል። ያን ጊዜ በጸሐፊነት ነበርንና የወረስነውን ገብስ ስንመዘግብ እንውል ነበር። በመጋቢት 1982 ዓ.ም. የእህል ንግድ ሲለቀቅ ያው ገበሬ፣ ያው አህያ፣ ያው ገብስ ነው፤ የተለወጠው ሕጉ ብቻ ነው። ገበያው ግን ነፍስ ዘራ።

ሕግ ንግድን ሊያቆምም ይችላል። ደጃችን ያለውን የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እንመልከት። በ1962 ዓ.ም. በሕግ ሲቋቋምና በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ለብዙው ሰው ግጦሽና ማገዶ መከልከል ብቻ ነበር የመሰለው። እውነትም ጉዳት አለው። የግጭ ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ቀያቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ሲመጡ፣ ከብት መቁጠር የሚያውቅ ሰው በስተርጅና የንግድ ፈቃድ ማውጣት ሊማር ሆነ። ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ያው ደንብ ሥራም አመጣ። ወደ ሳንቃ በር የሚወጣ እንግዳ ከደባርቅ ጠባቂ ይዞ እንዲሄድ አስደረገ። ለመንገድ መሪው፣ ለምግብ አብሳዩ፣ ለበቅሎ አከራዩም እንጀራ ሆነ። በቅሎ በተራ ሲወጣ አንድ በቅሎ ያለው ድኻም አምስት ካለው እኩል ይጠራል። ልክ እንደ ዕድራችን፣ ማንም ማንን አይቀድምም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ወረርሽኙ፣ ቀጥሎም ጦርነቱ እንግዳውን ቢያስቀረውም፣ ተራው ያስተማረን ትምህርት አልጠፋም።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ጥፋት እንምጣ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አባላችን አረፈ። ጨው፣ ሻማና ሳሙና የሚቸረችርባት ትንሽ ሱቅ ነበረችው። ድንኳን ተከልን፣ ቀበርን፣ ሦስት ቀን ተቀመጥን። የዕድሩን ገንዘብም ለባለቤቱ ቆጥረን ሰጠንና በመዝገባችን ላይ «ሂሳቡ ተዘጋ» ብለን ጻፍን። ሱቁም ተዘጋ። የተዘጋው ግን በቁልፍ ነው እንጂ በወረቀት አልነበረም።

ሦስት ዓመት ቆይቶ ሴትዮዋ እዚያችው ሱቅ ሻይ ልታፈላ አሰበች። ፈቃድ ልታወጣ ስትሄድ ሟቹ ገና በነጋዴነት ተመዝግቦ አገኘችው። የየዓመቱ ግብርና ቅጣት ተጠራቅሟል። «ልጄ፣ እሱ እኮ መቃብር ነው ያለው፤ ምን ይነግዳል?» አለች። ልጁም፣ «እማማ፣ እኔም አዝናለሁ፤ መሞቱን ግን ማንም አልነገረንም» አላት። እውነቱን ነው። ይዘናት ቀበሌ ሄድን፣ ምስክር ቆጠርን፣ ማመልከቻ ጻፍን። ከብዙ መመላለስ በኋላ ከፊሉ ተነሣላት፤ የቀረውን ላሟን ሸጣ ከፈለች። ወተቷ ልጆቿን ያሳድግ የነበረ ላም ነው። እኛ ዕድሜያችንን በወረቀት የኖርን ሰዎች ድንኳኑን ስናስብ ወረቀቱን ረሳነው። ጥፋቱ የኛ ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህም ከልባችን አልወጣም።

ስለዚህ የሚከተለውን ለጉባኤው እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ነጋዴ አባል ሲያርፍ ዕድሩ ሁለት ሰው ይመድብ። የወሳኝ ኩነት አዋጁ ሞት በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ስለሚያዝ፣ በዚሁ ጊዜ ውስጥ ቤተ ሰቡን ይዘው ቀበሌ ያስመዝግቡ። ቀጥሎም ለንግድና ለገቢዎች መሥሪያ ቤት አስታውቀው የሟቹን ፈቃድ ያስመልሱ። የንግድ ፈቃድ እንደ ጋሻና እንደ በሬ አይወረስም። በሱቁ መነገድ የሚፈልግ ወራሽ በራሱ ስም ማውጣት አለበት።

ሁለተኛ፤ ሱቅ የዘጋ አባል፣ በሕይወት ያለውም ቢሆን፣ ቁልፍ ብቻ አይቆልፍ። መዝጋቱን በጽሑፍ ያስታውቅ፤ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂም ይያዝ።

ሦስተኛ፤ ንግድ ፈቃድ በየዓመቱ ይታደሳል። ሲሠራበት የቆየው ያለቅጣት ማሳደሻ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። በሐምሌ ስብሰባችን ይህ ጮክ ተብሎ ይነበብ። የ2008 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ስለ ተሻሻለ፣ በዱሮው ደረጃ ተማምናችሁ አትቀመጡ፤ ሄዳችሁ ጠይቁ።

አራተኛ፤ በደብተር ጻፉ። በ2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ በብዙ ከተሞች ነጋዴው ተማሮ ሱቁን ዘግቶ ነበር። «በዛብኝ» ማለት መብት ነው። ዳሩ ግን በደብተር ያልያዘ ሰው በምን ያስረዳል? የገዛችሁበትንና የሸጣችሁበትን ማታ ማታ ጻፉ፤ ማንበብ ለማይችል ልጁ ይጻፍለት።

ወገኖቻችን፤ በዕድራችን ቅጣት ማንም የማይከፋው ለምንድነው? ደንቡ በየስብሰባው ስለሚነበብ ነው። የቀረ ሰው ስንት እንደሚከፍል ከቤቱ ሳይወጣ ያውቀዋል። የመንግሥትንም ሕግ እንዲሁ እርስ በርሳችን ብናነብ ክፉው ሕግ ሲወጣ በጊዜ አቤት እንላለን፤ ደጉም ሲወጣ እንጠቀምበታለን። ነጋሪቱ ገበያ መሐል መጎሰሙ ከቀረ፣ ይህ ዕድር ነጋሪት ይሁነን።