የጎልፍ ዱላ የኋልዮሽ ጉዞ



የጎልፍ ዱላ ኳሷን የሚነካት ለግማሽ ሺሕኛ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ታዲያ ዱላው ገና ወደ ኋላ ሲነሣ የሚከተለው መንገድ ስለ ምን ይህን ያህል ያከራክራል?

አሜሪካዊው ቤን ሆገን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከኳሷ ተነሥቶ በተጫዋቹ ትከሻዎች ላይ የተጋደመ መስተዋት እንዲታሰብ አስተማረ። ዱላው ወደ ኋላ ሲነሣ ክንዶች ከዚህ ጠለል በላይ ከወጡ መስተዋቱ ይሰበራል።

ይሁን እንጂ ጂም ፊዩሪክ ዱላውን ሽቅብ አቅንቶ እያነሣ፣ ሲመልሰውም ቀለበት ሠርቶ ዝቅ እያደረገ፣ በ2003 የአሜሪካን ኦፕን ሻምፒዮና አሸነፈ። ኳሷን የሚገዛት በምቱ ቅጽበት የዱላው ራስ ፍጥነት፣ አቅጣጫና የፊቱ አቀማመጥ ነውና።

የሆገን ትምህርት ከንቱ ነውን? አይደለም። በሠለጠነ ተጫዋች እጅ ዱላው ከላይ ወደ ኳሷ የሚወርደው ሩብ ሰከንድ ያህል በሚሆን ጊዜ ነው፤ በዚህ መካከል ስሕተትን አስተውሎ ማረም አይቻልም። ፊዩሪክ እርማቱን በብዙ ዘመን ልምምድ ከምቱ ጋር አዋሕዶታል። ለልምምድ ጊዜ ያጠረው ተጫዋች ግን እርማት የማይሻውን መንገድ ቢመርጥ ይበጀዋል።

መሐንዲስም ይህን አይስተውም። ስሕተት የሚታረመው ንድፉ በወረቀት ላይ ሳለ ነው፤ ድልድዩ ጭነት ከተሸከመ በኋላ የሚደረግ እርማት ዋጋው ከባድ ነው፤ አንዳንዴም ጊዜው ያለፈበት ነው።