መጀመሪያ የተማርነው ማቆም ነው

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በገንዘብ ያዣችን የቀረበ ንግግር፣ ሲያትል)



እዚህ ቦታ ስቆም የለመዳችሁት ገቢና ወጪ ሳነብላችሁ ነው። ዛሬ ግን ባለፈው ሰመር ስለወሰድነው የሸራ ጀልባ ትምህርት እንድናገር ተጠይቄአለሁ። ሒሳቡ በእጃችሁ ባለው ሪፖርት ላይ በዝርዝር ስላለ አልደግመውም። የምነግራችሁ ሪፖርቱ ውስጥ መስመር ያላገኘሁለትን ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ። ይህ ትምህርት አያስፈልግም ብለው ከተከራከሩት አንዷ እኔ ነበርኩ። አንዲት ደጋፊያችን ለሴቶች የውሃ ላይ ትምህርት ብቻ የሚውል ገንዘብ ሲሰጡን፣ «የቤት ኪራይ የጨነቃቸው አባላት እያሉን ጀልባ ምን ይሠራልናል?» አልኩ። ገንዘቡ ለሌላ ጉዳይ ሊዞር የማይችል ስለነበረ ተሸነፍኩ። ኋላም አንዲት አባል የሥራ ፈረቃዋ ተቀይሮባት ስትቀር እሷን ተክቼ ገባሁ። የሒሳብ ሠራተኛ ነገር ታውቃላችሁ፤ የተከፈለበት ወንበር ባዶ ሲሆን እንቅልፍ አይወስደኝም።

ያደግኩት ቢሾፍቱ ነው፤ በሐይቅ ተከብቤ። ግን አንድም ቀን ውሃ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። እነዚያ ሐይቆች እሳተ ገሞራ የፈጠራቸው ጉድጓዶች ናቸው፤ ከዳር ጥቂት እንደተገባ መቆሚያ ይጠፋል። እናቴ ስለ እሳተ ገሞራ አልተማረችም፤ የጎረቤት ልጅ ሲቀበር ግን አይታለች። «ሐይቁ ሰው ይወዳል» ትለንና ወደ ሆራ የሚወስደውን መንገድ ትከለክለን ነበር። አልፈርድባትም። ዋና የሚያስተምራት ሰው አልነበራትም፤ የነበራት መከላከያ ፍርሃት ብቻ ነው። ያንኑ አወረሰችን።

እግዚአብሔር ደግሞ ከከተማ ሁሉ መርጦ ሲያትል አመጣኝ! በምሥራቅ ሌክ ዋሽንግተን፣ በምዕራብ ፒዩጀት ሳውንድ፣ መሐል ላይ ሌክ ዩኒየን። ብዙዎቻችን ወደ ሥራ ስንሄድና ስንመለስ በተንሳፋፊው ድልድይ ሐይቁን በቀን ሁለት ጊዜ እንሻገራለን፤ እጃችንን ግን አስነክተነው አናውቅም። ልጆቻችን ዋና ሲማሩ እኛ አግዳሚው ላይ ፎጣ ይዘን እንቀመጣለን። አንድ ቀን ከዋና ስንመለስ የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ መኪና ውስጥ፣ «እማዬ፣ እኔ ብሰጥም ምን ታደርጊያለሽ?» አለችኝ። «እጮሃለሁ» አልኳት። «ከዚያስ?» አለች። መልስ አልነበረኝም።

እንግዲህ ይህን ይዤ ነው የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ የተገኘሁት።

ስምንት ነበርን፤ ትንሿ 26፣ ትልቋ 61 ዓመታቸው። ትምህርቱ ውሃ ለሚፈሩ ሴቶች ተብሎ የተዘጋጀ ነው፤ አስተማሪያችንም ሴት ናት። ጀልባዎቹ ሁለት ሰው የሚይዙ፣ ሞተር የሌላቸው ትንንሾች ናቸው። አንዷ መሪውንና ትልቁን ሸራ ትይዛለች፤ ሌላዋ የፊቱን ትንሽ ሸራ። አስተማሪዋ በሞተር ጀልባ ከጎናችን ትከተለናለች።

የመጀመሪያውን ቀን በሙሉ መሬት ላይ ዋልን። ጃኬት መልበስ ብቻውን ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ጃኬቱ ልክ መሆኑን ለማወቅ ጓደኛሽ ከትከሻው ይዛ ወደ ላይ ትስበዋለች፤ ወደ ጆሮሽ ከወጣ ሰፊ ነው ወይም በደንብ አልታሰረም ማለት ነው። ቀጥሎ ቋጠሮ ተማርን። ቸኩዬ ያሰርኩት ሦስት ጊዜ ሲፈታ፣ 61 ዓመት የሆናቸው እትዬ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለው አሳቁን።

ውሃ ላይ ስንወጣ የተማርነው የመጀመሪያ ነገር መሄድ አይደለም፤ ማቆም ነው። የሸራው ገመድ ሲሳብ ሸራው ነፋሱን ይይዝና ጀልባዋ ትሮጣለች። ገመዱ ሲለቀቅ ሸራው እንደ ባንዲራ ይርገበገባል፤ ጀልባዋም ጉልበት ታጣለች። አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ካዞርሻት ትቆማለች። ችግሩ፣ ሰው ሲደነግጥ እጁ የያዘውን ያጠብቃል። ገመዱ በጠበቀ ቁጥር ደግሞ ጀልባዋ ይበልጥ ታዘነብላለች። ስለዚህ አስተማሪያችን ሳንደክም ሃያ ጊዜ፣ ደክሞን ሃያ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ አሠራችን፤ ስትፈሪ ልቀቂ። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ድንገት ነፋስ ሲመጣ እጄ ሳላዘው ለቀቀ። ያን ጊዜ ድፍረት የምንለው ነገር ምን እንደሆነ ገባኝ። ፍርሃቱ አልጠፋም፤ እጄ ግን ሥራውን ያውቅ ነበር።

መሪውን ወደ ግራ ስትገፊ ጀልባዋ ወደ ቀኝ ትዞራለች። ይህ ለሌሎቹ ከበዳቸው፤ እኔ ዴቢትና ክሬዲት ስማር ያለቀስኩትን አልቅሼ ስለጨረስኩ ቀለለኝ። ሌላው፣ ጀልባ ፊት ለፊት ወደ ነፋሱ መሄድ አትችልም። 45 ዲግሪ ገደማ ወደ አንድ ጎን፣ ቀጥሎ ወደ ሌላው እየተጣመመች ነው የምትደርሰው። የትራፊክ ሕግም አለ፤ ሁለት የሸራ ጀልባዎች ነፋሱን በተለያየ ጎናቸው ተቀብለው ሲገናኙ፣ በግራ ጎኗ የምትቀበለው ቅድሚያ ትሰጣለች።

ስለ ቅዝቃዜም ተማርን፤ ይህን ሁላችሁም ያዙልኝ። የእኛ ውሃ አየሩ ሲሞቅ እንኳ ቶሎ አይሞቅም። በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለወደቀ ሰው 1፣ 10፣ 1 የሚባል ስሌት አለ። የመጀመሪያው 1 ደቂቃ የትንፋሽ ነው፤ ብርዱ ስለሚያስደነግጥ ሥራሽ አፍሽን ከውሃ በላይ አድርገሽ ትንፋሽሽን ማረጋጋት ብቻ ነው። ቀጥሎ ወደ 10 ደቂቃ ያህል እጅና እግርሽ ይታዘዙሻል፤ ጀልባሽ ላይ መውጣት ወይም አጥብቀሽ መያዝ ያለብሽ ያን ጊዜ ነው። ከብርዱ የተነሣ ራስን እስከ መሳት ደግሞ 1 ሰዓት ያህል አለ። ይህ ሁሉ ግን ጃኬት ለለበሰች ነው። በቅርብ ዓመታት የወጡት የአሜሪካ ኮስት ጋርድ ሪፖርቶች እንደሚያሳዩት፣ በጀልባ አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል የሚሞቱት በመስጠም ነው፤ ከሰጠሙት ውስጥ ደግሞ ከአሥሩ ከስምንት በላይ የሚሆኑት ጃኬት አልለበሱም ነበር። በዋሽንግተን ስቴት ሕግ ዕድሜው 12 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ከ19 ጫማ ባነሰች ጀልባ ሲሄድ ጃኬት መልበስ ግዴታው ነው። ለእናቶች ግዴታ ባይሆንም ለእኛ ግዴታ ይሁን።

አራተኛው ቅዳሜ የመገልበጥ ቀን ነበር። አዎ፣ ጀልባዋን ሆን ብለን ገለበጥን! ሕጉ ቀላል ነው። መጀመሪያ ጓደኛሽን ትፈልጊያለሽ። ከጀልባዋ አትለዪም፤ የባሕሩ ዳር ቅርብ ቢመስልሽም ዋኝቼ እደርሳለሁ አትዪም። ከዚያ የሸራውን ገመድ ትለቂና ከጀልባዋ ሆድ የወጣውን ሳንቃ ይዘሽ በክብደትሽ ትስቢያለሽ። ውሃው ፊቴን ሲመታኝ የእናቴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ግን ጃኬቱ አነሣኝ። በሁለተኛው ሙከራ ጀልባዋ ተነሣች፤ እኔም ነበርኩ ያነሣኋት።

አሁን ስለ አንዲት እህታችን ልናገር፤ ፈቃዷን ጠይቄ ነው፣ ስሟን ግን አልጠራም። ከዓመታት በፊት ከኦቦክ ወደ የመን በሌሊት በጀልባ የተሻገረች ናት። ሦስት ቅዳሜ መጥታ ከመሬት አልተነሣችም፤ ቋጠሮ ታስራለች፣ ጃኬት ታለብሰናለች፣ ሻይ ትቀዳልናለች። ማንም አልገፋፋትም። አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦ «ያኔ ተቀመጪ ሲሉኝ ተቀመጥኩ። አትንቀሳቀሺ ሲሉኝ ትንፋሼን ዋጥኩ። ጀልባዋ የማን እንደሆነች፣ ማን እንደሚነዳት እንኳ አላየሁም።»

አምስተኛው ቅዳሜ ከእኔ ጋር ገባች፤ መሪውንም ሸራውንም ራሷ ያዘች። ከባሕሩ ዳር ራቅ እንዳልን ገመዱን ለቀቀችው። ሸራው ተርገበገበ፣ ጀልባዋ ቆመች። ዝም ብላ ተቀመጠች። ቆይታ መልሳ ሳበችና ሄድን። «ለምን አቆምሽ?» ብላት፣ «ማቆም እንደምችል ላይ ብዬ» አለችኝ።

እህቶቼ፣ ይህን በየትኛው የሒሳብ መደብ ልመዝግበው?

ነገሩን ላሳምረው ግን አልፈልግም። ስምንት ጀምረን ስድስት ጨረስን። አንዷ በሁለተኛው ሳምንት «ለእኔ አይደለም» ብላ ተወችው፤ ሌላዋን ልጇ ታሞባት ቀረች። የመገልበጡን ልምምድ ያልወሰዱም አሉ። የሸራ ትምህርት የዋናን ቦታ እንደማይተካም ተረድተናል፤ ሦስታችን አሁን ዋና ጀምረናል። ዕድሜዬ አልፏል ለምትሉ ደግሞ ጂን ሶክራቲስ የሚባሉ የሒሳብ መምህርት የነበሩ ሴት አሉ። ሸራ የጀመሩት ዕድሜያቸው ወደ 50 ሲጠጋ ነው። በ77 ዓመታቸው፣ በ2019 እ.ኤ.አ.፣ ዓለምን ብቻቸውን ሳያቆሙ ዞረው የገቡት እዚሁ ጎረቤታችን ካናዳ፣ ቪክቶሪያ ወደብ ነው።

ልጄ ጥያቄዋን ደግማ አልጠየቀችኝም፤ እኔ ግን መልሱን ነገርኳት። «መጀመሪያ እጄን ወይም እንጨት እዘረጋልሻለሁ። ካልደረሰሽ ገመድ ወይም የሚንሳፈፍ ነገር እወረውርልሻለሁ። 911 እንዲደወል አደርጋለሁ። ዘልዬ አልገባም፤ ሁለታችንም እንዳንሰጥም።» ትንሽ አሰበችና «መጮኹስ?» አለች። «እሱም አለ» አልኳት።

ለደጋፊያችን፣ እርስዎ ያዩትን እኔ አላየሁትም ነበርና ይቅርታዬንና ምስጋናዬን አብረው ይቀበሉኝ። በሚቀጥለው ዓመት ጉዳዩ ለድምፅ ሲቀርብ መጀመሪያ እጇን የምታወጣው ገንዘብ ያዣችሁ ናት። መዝገቡም በእጄ ነው፤ መማር የምትፈልጉ ስብሰባው ሲያልቅ ቡናው ላይ አግኙኝ።