ስለ ጥቁር የወጥ ቤት ድንጋይ አመራረጥና አያያዝ

ዛሬ ማታ የምናገረው በወጥ ቤት ቁም ሣጥን ላይ ተነጥፎ ሽንኩርት ስለሚከተፍበት፥ ሊጥ ስለሚዳመጥበት፥ ድስት ስለሚያርፍበት ስለ ጥቁሩ የድንጋይ ገበታ ነው። ነገሩ ለአንዳንዶቻችሁ የቅንጦት ወሬ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ቤት ሠርቶ የጨረሰ ሰው በመጨረሻ የቀረችውን ገንዘብ የሚያፈስበት እርሱ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተገጠመም በኋላ እንደ መጋረጃ ወርዶ የሚለወጥ አይደለም። ደግሞም ድንጋዩን ከሱቅ የሚመርጠው ብዙ ጊዜ ባል ሲሆን፥ ከድንጋዩ ጋራ የምትኖረው ሚስቲቱ ወይም የቤት ሠራተኛይቱ ናት።

ይህን የምለው በራሴ ቤት ስለ ደረሰ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔው ሄጄ፥ እኔው መርጬ፥ ደረቴን ነፍቼ አስገጠምሁ። የመረጥሁትም የማያንጸባርቀውን፥ እንደ ትምህርት ቤት ሰሌዳ ደብዘዝ ያለውን ነበር፤ በሱቁ መብራት ሥር ሳየው ጭምትነቱ ማረከኝ። በሁለተኛው ቀን ባለቤቴ ጠርታ አሳየችኝ። ቅቤ የነካ ጣት ያረፈበት ቦታ ሁሉ አሻራው ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የልጆቹ መዳፍ፥ የድስቱ ከንፈር፥ የዘይቱ ጠርሙስ መቀመጫ፥ ሁሉም ታትሟል። «አንተ የመረጥኸውን እኔ ስወለውል ልኖር ነው» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ድንጋይ ቆራጮችን መጠየቅና ስለ ነገሩ ማንበብ የጀመርሁት ከዚያ ወዲህ ነው።

አስቀድመን ስሙን እናጥራ። በገበያ «ጥቁር ግራናይት» ከሚባለው አብዛኛው በሥነ ምድር ዐዋቂዎች ዘንድ ግራናይት አይደለም። እውነተኛው ግራናይት ኳርትዝና ፌልድስፓር የበዛበት፥ ቀለሙ ብሩህ የሆነ ድንጋይ ነው። ጥቁሩ ግን ጋብሮ ወይም ዶለራይት የሚባለው፥ አዲስ አበባ ቤቷን ስትሠራበት ለኖረችው ለጥቁር ድንጋይ፥ ማለት ለባዛልት፥ የቅርብ ዘመድ የሆነው ነው። ሁሉም ከቀለጠ ዐለት የተገኙ ናቸው፤ ባዛልት ከምድር ፊት ፈስሶ ፈጥኖ ስለሚረጋ ቅንጣቱ ደቃቅ ሲሆን፥ ጋብሮ በምድር ሆድ ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚበርድ ቅንጣቱ ጎላ ይላል። በህንድ አገር በአንድራ ፕራዴሽ በቺማኩርቲ የሚወጣው፥ በጥቁር ላይ ወርቃማ ነጠብጣብ ያለበት «ብላክ ጋላክሲ» ከዚሁ ወገን ነው። እነዚህ ውሃ እምብዛም አይጠጡም፤ የሎሚና የአቼቶ ኮምጣጣነትም በቀላሉ አያበላሻቸውም። ጥቁር እምነ በረድ ግን ሌላ ነው። መሠረቱ እንደ ኖራ ድንጋይ ካልሳይት ስለ ሆነ ሎሚ ሲፈስበት ገጹ ይበላል፥ የደበዘዘ ጠባሳም ይቀርበታል። በሱቅ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን ሁለቱ መንትያ ይመስላሉ።

ወደ ገጹ አሠራር ልምጣ፤ የኔም ስሕተት ከዚያው ነውና። አንዱ ድንጋይ እንደ አጨራረሱ ሦስት መልክ ሊኖረው ይችላል። አናጢ ሳንቃውን በብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው ወደ ደቃቁ እያለ እንደሚያለሰልሰው፥ ድንጋይ ቆራጩም አልማዝ ባለባቸው መሞረጃዎች ከቁጥር 50 ጀምሮ እስከ 3000 ድረስ በተራ ይሄዳል። 400 ገደማ ላይ ቢቆም ደብዛዛው ይሆናል፤ እስከ መጨረሻው ቢዘልቅ እንደ መስተዋት ያበራል። ሦስተኛው ቆዳ መሰል የሚሉት ነው፤ ይህም የአልማዝ ፍርፋሪ የተቀላቀለበት ጠንካራ ብሩሽ እየተሽከረከረ ለስለስ ያለውን ቅንጣት ሲያጎድለውና ጠንካራው ጉብ ጉብ ብሎ ሲቀር የሚገኝ ነው። እናቶቻችን ወፍጮ ሲልግባቸው ይወቅሩት እንደ ነበር አስታውሱ፤ ድንጋዩ ያው ሆኖ ሳለ ሥራው የሚለወጠው በገጹ ነው።

ደብዛዛው ድንጋይ ስለ ምን አሻራ ያሳያል? ገጹ ለዓይን በማይታዩ ጭረቶች የተሞላ ስለ ሆነ ብርሃኑን ይበትነዋል፤ በዚህ ምክንያት ጥቁሩ ወደ ግራጫ ያደላል። ቅባት በነካው ቦታ ጭረቱ ስለሚሞላ እዚያው ላይ ብቻ ይጠቁራል። ያገሬ ወጥ ደግሞ ያለ ቅቤና ያለ ዘይት አይሠራም። ያንጸባረቀው በበኩሉ አቧራን፥ የጤፍ ዱቄትንና የደረቀ የውሃ ጠብታን ያጋልጣል፤ ቅባቱ ግን በአንድ ጨርቅ ይለቃል። ቆዳ መሰሉ አሻራንም ጠብታንም ይሸሽጋል፤ ሆኖም ሊጥ በጎድጓዳው ገብቶ ከደረቀ ለስላሳ ብሩሽ ያስፈልገዋል። እኔ ዛሬ ብመርጥ ለማጠቢያውና ለሊጡ አጠገብ ያንጸባረቀውን እወስዳለሁ። በቤቴ ያለውንስ ምን አደረግሁት ብትሉ፥ ቀለም የሚያጠቁር የድንጋይ ቅባት አለ፤ ገጹን በሙሉ አስቀባሁትና አሻራው ቀነሰ። እየለቀቀ ስለሚሄድ ግን በየጊዜው ይደገማል፤ የሚደግመውም የመረጠው ሰው ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ከዚያው ዝርግ የተቆረጠ ቁራጭ ለምኑና ወደ ቤት ውሰዱ። በአንዱ በኩል ውሃ አንጠባጥቡ፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ ከሥሩ ከጠቆረ ድንጋዩ ይጠጣልና ማሸጊያ ቅባት ያስፈልገዋል። ካልጠቆረ ግን ማሸጊያ አትግዙለት፤ የሚገባበት ስላጣ ከላይ ተጋድሞ ጉም ይመስልባችኋል። በሌላው በኩል ሎሚ ጨምቁበት። በመጨረሻም ነጭ ጨርቅ በአሴቶን ነክራችሁ ፈትጉት፤ ጨርቁ ከጠቆረ ድንጋዩ ቀለም የተቀባ ነው። አንዲት ዘመዴ ይህን ባለማወቋ ግራጫውን ድንጋይ በጥቁር ዋጋ ገዛች፤ ሁለተኛው ክረምት ሳይመጣ በማጠቢያው ዙሪያ ቀለሙ ለቀቀ። ሻጩ የሳሙናዋ ጥፋት ነው አላት።

ክብደቱንም አትርሱ። 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጋብሮ በአንድ ካሬ ሜትር 90 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ስለዚህ ቁም ሣጥኑ ጠንካራና የተስተካከለ ይሁን።

አያያዙ ቀላል ነው። ለብ ያለ ውሃ፥ ጥቂት ለስላሳ ሳሙና፥ ከዚያም በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ። በረኪናና የብረት ሽቦ አይቅረቡት። ከምድጃ የወጣ ድስት ቢያርፍበት ወዲያው አይፈርስም፤ ነገር ግን ድንገተኛው ሙቀት በተለይ በማጠቢያው ዙሪያ ያለውን ቀጭን ክፍል ሊሰነጥቀው ስለሚችል ማስቀመጫ አኑሩለት። የቁሌት ዘይት የጠጣ ድንጋይ ቢኖራችሁ ቤኪንግ ሶዳን በውሃ አቡክታችሁ ለጥፉበት፥ በላስቲክም ሸፍናችሁ አንድ ቀን አቆዩት፤ እስኪለቅ ድረስ ይደጋገማል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ድንጋይ በደረቁ ሲቆረጥ የሚነሣው አቧራ ሲሊካ ካለበት የቆራጩን ሳንባ ያጠነክረዋል፤ ሲሊኮሲስ የሚባለው በሽታ መዳኛ የለውም። ጋብሮ ሲሊካው ከግራናይት ያነሰ ነው። በፋብሪካ ከኳርትዝ ፍርፋሪና ከሙጫ የሚሠራው ሰው ሠራሽ ድንጋይ ግን ከሁሉ የከፋ ነው፤ አውስትራልያም በዚሁ ምክንያት ከሰኔ 24 ቀን 2016 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ አገደችው። እንግዲህ ስትዋዋሉ በውሃ እንዲቆረጥ ብላችሁ ተዋዋሉ። የቧንቧውም ቀዳዳ በቆራጩ ግቢ ይበሳ እንጂ ልጆቻችሁ ባሉበት ወጥ ቤት ውስጥ አይበሳ። እኔ ባስገጠምሁ ጊዜ የበሳው ወጣት ነጠላ መሐረብ እንኳ አልነበረውም፤ ሲያስል ውሃ ሰጠነው እንጂ ሥራህን አቁም ያልነው የለም።

ደኅና እደሩ።