የእንጨት ምስክር ወረቀትና የደን አጠባበቅ በመንዝ ደጋ




የደን ምስክር ወረቀት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው እንጨት ላይ የሚመታውን ማኅተም ነው። ማኅተሙ ግን የመጨረሻው ነገር ነው። ከዚያ በፊት ከውጭ የመጣ መርማሪ እንጨቱ ከየት፣ በማን ፈቃድ፣ በምን መጠን እንደተቆረጠና በምትኩ ምን እንደበቀለ አይቶ ያረጋግጣል።

ይህ ለመንዝ ሰው እንግዳ አይደለም። ከአስቦና ከጌራ የተወረሰ ነው የሚባለው የጓሳ ምድር 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። በቄሮ ሥርዓት የሚመረጡት አለቃ ቦታውን ለዓመታት ያዘጉት ነበር። ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው ሣር ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፤ ያለ ቀኑ ያጨደ ይቀጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ኋላ ግን ኅብረተሰቡ ጥበቃውን በኮሚቴ መልሶ አቋቁሞታል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም እዚያ አሉ።

ጓሳ ሣር እንጂ ግንድ አይደለም ይባል ይሆናል። ደንቡ ግን አንድ ነው፤ የሚለየው ሩቅ ላለ ገዢ የሚታይ ማስረጃ ነው። ኤፍ ኤስ ሲ የሚባለው ዓለም አቀፍ የደን ምክር ቤት በ1993 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ለዚሁ ነው። ከዚያ በፊት በአውሮፓ ብዙዎች የሐሩር አገር እንጨት አንገዛም ብለው ነበር። ይህ መንገድ ችግር አለበት፤ ዋጋ ያጣ ደን ተመንጥሮ እርሻ ይሆናልና። ወረቀቱ ለ5 ዓመት ይሰጣል፤ በየዓመቱም ክትትል ይደረግበታል።

ጥቂት ጥማድ መሬት ያለው ገበሬ የምርመራውን ወጪ ብቻውን አይችለውም። ስለዚህ የቡድን ምስክር ወረቀት አለ፤ ማኅበሩ ኃላፊነቱን ወስዶ የአባላቱን ማሳ ይቆጣጠራል። አንዳንድ አባላት ቢያጠፉና ማኅበሩ ዝም ቢል ግን የሁሉም ወረቀት ሊታገድ ይችላል።

የሰሜን ሸዋ ደጋ ዋነኛ የሽያጭ እንጨት ባሕር ዛፍ ነው፤ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የገባ። ደላላው ቆሞ ሳለ በዓይን ገምቶ ይገዛዋል፤ ለአጣናና ለማገዶ ገበያ ምስክር ወረቀት የሚጠይቅ የለም። ገዢ ሳይገኝ ወረቀት ለማውጣት መሯሯጥ ወጪ ብቻ ነው። መዝገቡ ግን ዛሬ ሊጀመር ይችላል። የማሳው ስፋት፣ የተከላው ዓመት፣ የተቆረጠው ብዛት፣ ጉቶው ስንት ጊዜ እንዳቆጠቆጠ ቢጻፍ፣ ገዢ ሲጠይቅ መልስ ይገኛል። ከዚያም በፊት ቢሆን አባሉ ደላላው ፊት ሲቆም ስንት እንጨት እንዳለው ያውቃል።