ኮሽታ ሳያሰማ የሚመጣው መኪና
(በነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ በኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



የእሑድ ዕረፍታችሁን ትታችሁ ስለ መጣችሁ በኮሚቴው ስም እናመሰግናለን። ዛሬ የጠራናችሁ ለመዋጮ ወይም ለጥበቃ ደመወዝ አይደለም። የምንነጋገረው ድምፅ ሳያሰማ አጠገባችን ስለሚደርሰው የኤሌክትሪክ መኪና ነው።

እንደሚታወቀው ሁሉ፣ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ የተነገረው በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ከቦሌ እስከ መገናኛ፣ ከገርጂ እስከ ሲኤምሲና አያት ድረስ የኤሌክትሪክ መኪና ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ጭስ የለውም፤ የነዳጅ ሰልፍ የለበትም፤ ሌሊትም ሰው አይቀሰቅስም። ይህ እሰየው የሚያሰኝ ነው። ማንም በመኪናው ላይ የተነሣ እንዳይመስለው።

ነገር ግን የከተማችን ሰው መንገድ የሚሻገረው በዓይኑ ብቻ አይደለም፤ በጆሮውም ጭምር ነው። የአይሱዙው ማጓራት፣ የባጃጁ ጩኸት፣ የሚኒባሱ ረዳት ጥሪ ዞር ሳንል እንኳ ምን እንደ መጣና በየት በኩል እንደ መጣ ይነግሩናል። የኤሌክትሪክ መኪና ግን ሞተሩ ይህን ወሬ አይነግረንም። ፍጥነቱ ሲጨምር የጎማው ድምፅ ይሰማል፤ ቀስ ብሎ ሲሄድ ግን ዝም ነው። ቀስ ብሎ የሚሄደው ደግሞ የት ነው? እዚሁ በየበራችን፣ ሕፃናት ኳስ በሚጫወቱበት፣ እናቶች ጉሊት በዘረጉበት፣ ከግቢ ወደ ኋላ በሚወጣበት ቦታ ነው። ኮብልስቶኑ ላይ ጎማው ትንሽ ይንኳኳ ይሆናል፤ ለስላሳው አስፋልት ላይ ግን ያም የለም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን የዓይነ ስውራን ወገኖቻችን ነገር ነው። በበትሩ እየዳበሰ ለሚሄድ ሰው የሞተር ድምፅ የመንገድ መብራቱ ነው። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞተው ሰው አብዛኛው እግረኛ መሆኑን ስናስብ፣ ጉዳዩ የምቾት ብቻ አለመሆኑ ግልጽ ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 138 በ2016 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ሲውል፣ ድምፅ የሌላቸው መኪኖች በሰዓት እስከ 20 ኪሎ ሜትር ሲሄዱና ወደ ኋላ ሲመለሱ ማስጠንቀቂያ ድምፅ እንዲያሰሙ አዝዟል። ልኩም ተወስኗል፤ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከ56 ዴሲቤል ማነስ የለበትም፣ ከ75 ዴሲቤልም መብለጥ የለበትም። 56 ማለት በተራ ጭውውት የምናወጣውን ድምፅ የሚጠጋ ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር ድምፁም እየቀጠነ ይሄዳል፤ ስለዚህ የሚሰማው ሰው መኪናው እየፈጠነ ወይስ እየቆመ መሆኑን ይለያል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሽያጭ የሚቀርብ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ሁሉ ይህ መሣሪያ ያለው መሆን አለበት።

ታዲያ ድምፁ ምን ዓይነት ይሁን? እዚህ ላይ ነው ሐሳባችን የሚለያየው። አንዳንዶቻችን «የሞተር ድምፅ ይምሰል፣ የለመድነው እሱን ነው» እንላለን። ሌሎቻችን «ከጭስ ተገላግለን ጩኸት ልንጨምር ነው እንዴ?» እንላለን፤ መኝታ ቤቱ ከመንገድ ጋር የተያያዘ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ወጣቶቻችን ደግሞ «ባለቤቱ የወደደውን ሙዚቃ ያድርግበት» ይላሉ። ይህ የመጨረሻው ሐሳብ በአሜሪካም ተነሥቶ ነበር። የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤታቸው በ2019 እ.ኤ.አ. ባለመኪናው ከብዙ ድምፆች የሚመርጥበትን ሐሳብ ለሕዝብ አስተያየት አቅርቦ፣ በ2022 ተወው። በዚያው ዓመት የቴስላ ኩባንያ ወደ 578 ሺህ የሚሆኑ መኪኖቹን ለእርማት ጠርቷል፤ ምክንያቱም ባለቤቱ የሚያጫውተው ድምፅ ማስጠንቀቂያውን ሊሸፍን ስለሚችል ነው። ነገሩ ሲታሰብ ቀላል ነው። እያንዳንዱ መኪና የየራሱን ዜማ ካሰማ፣ እግረኛው መኪና ይሁን ሬዲዮ በምን ይለያል? ማስጠንቀቂያ የሚሠራው ሁሉም ሲያውቀው ነው።

ደግሞም «ክላክስ አለ አይደል?» የሚል አይጠፋም። ክላክስ የሚነፋው አሽከርካሪው ሰውየውን ካየ ነው። ያላየውን ሰው የሚያድነው ሳይነካ የሚሰማ ድምፅ ነው። ክላክስማ የሚያስደነግጥ እንጂ አቅጣጫ የሚጠቁም አይደለም።

ስለሆነም ኮሚቴው የሚከተለውን ለውይይት ያቀርባል፤

1. ማስጠንቀቂያ ድምፁ ያለው መኪና የያዛችሁ በሰፈር ውስጥ አታጥፉት። በአንዳንድ መኪኖች ላይ ማጥፊያ ቁልፍ አለ፤ እጃችሁን ከዚያ ላይ አንሡ።

2. ድምፅ የሌለው መኪና ያላችሁ ከግቢ ወደ ኋላ ስትወጡ አንድ ሰው ከኋላ ይቁም፤ ሰው ከሌለ ወርዳችሁ እዩ።

3. ሙዚቃ፣ የአምቡላንስ ድምፅ ወይም የእንስሳ ጩኸት በማስጠንቀቂያ ስም አይገጠም።

4. ወላጆች ልጆቻችሁን «ድምፅ ባይሰማም መኪና አለ» ብላችሁ አስተምሩ። ወጣቶችም መንገድ ስትሻገሩ ማዳመጫውን ከጆሯችሁ አውጡ።

5. ወደ አገር የሚገቡ መኪኖች ሁሉ ይህን ድምፅ እንዲይዙ ለሚመለከተው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በማኅበሩ ስም ደብዳቤ እንጻፍ።

ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት ግን አንድ ነገር እናድርግ። በመጪው ቅዳሜ ጠዋት መኪና ያላችሁ ወደ ሜዳው አምጡልን። ዓይነ ስውራን ጎረቤቶቻችንና ሽማግሌዎቻችን ይቀመጡ፤ መኪኖቹ አንድ በአንድ ቀስ ብለው ይለፉ። የትኛው ከሩቅ እንደሚሰማ፣ የትኛው እንደሚያታልል፣ የትኛውስ ጆሮ እንደሚያሰለች እነሱ ይንገሩን። ድምፁን መምረጥ ያለበት መሪውን የያዘው ሳይሆን መንገዱን የሚሻገረው ነው። የእነሱን ቃል በደብዳቤው ላይ እናሰፍራለን።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። አንድ ልጅ ከተጎዳ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ ለማንም አይበጅም። አሁን መድረኩ የእናንተ ነው፤ እጅ እያወጣችሁ ተናገሩ።