በውጤት የሚከፈል ውል፦ ከመፈረማችን በፊት ምን እንመልከት?

የተከበራችሁ ሞዴል አርሶ አደሮች፣

የዛሬው ርዕሳችን የቢራ ገብስ የውል እርሻ ነው። በውጤት የሚከፈል ውል የምንለው ክፍያው በኩንታል ብዛት ብቻ ሳይሆን በጥራትም የሚወሰንበትን ውል ነው። ብዙዎቻችን ውል ሲቀርብልን ዓይናችን ዋጋው ላይ ያርፋል። ውል የሚጸናው ግን በዋጋው ብቻ አይደለም። ክፍያው በምን፣ መቼና በማን መለኪያ እንደሚወሰንም መታየት አለበት። ሰው በገንዘቡ ላይ እንዴት እንደሚወስን የሚያጠናው የባህርይ ኢኮኖሚክስ በዚህ ላይ ሦስት ጠቃሚ ነገሮች ያስተምረናል።

1. ተቀናሽና ጭማሪ

ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት፣ ሰው ገንዘብ ሲያገኝ ከሚሰማው ደስታ ይልቅ ያንኑ ያህል ሲያጣ የሚሰማው ቁጭት ይበልጣል። ለምሳሌ አንዱ ውል «መነሻው 4,000 ብር፣ ጥራት ላሟላ 400 ብር ይጨመራል» ይላል እንበል። ሌላው ደግሞ «ዋጋው 4,400 ብር፣ ጥራት ካላሟላ 400 ብር ይቀነሳል» ይላል። በሂሳብ እኩል ናቸው፤ በልብ ግን እኩል አይደሉም። ተቀናሹ የበለጠ ሊያተጋ ይችላል። ነገር ግን ያለ ጥፋቱ የተቀነሰበት ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት ውሉን ይሸሻል።

ስለዚህ በእጃችን ያለውንና የሌለውን እንለይ። እርጥበት፣ ባዕድ ነገርና የዝርያ መቀላቀል በአብዛኛው በእጃችን ናቸው፤ በሸራ ላይ ብንወቃ፣ በደንብ ብናደርቅ፣ ዝርያውን ለይተን ብናስቀምጥ እናስተካክላቸዋለን። ፕሮቲን ግን ከፊሉ የእኛ፣ ከፊሉ የሰማይ ነው። ዩሪያ አዘግይቶ መጨመር ፕሮቲኑን ከፍ ያደርገዋል፤ ከዚህ መጠንቀቅ የእኛ ድርሻ ነው። ዝናብ ቀድሞ ሲቋረጥ ግን ፍሬው በደንብ ሳይሞላ ቀርቶ ፕሮቲኑ ከፍ ይላል። ይህን ማንም ገበሬ አይከለክለውም። እንግዲህ ስትደራደሩ፣ ተቀናሽ በእጃችን ባለው ላይ ይሁን፤ ዝናብ በሚወስነው ላይ ግን ጭማሪ ይሻላል በሉ።

2. የክፍያ ጊዜ

ሰው ዛሬ ለሚያገኘው ከወር በኋላ ለሚያገኘው ይልቅ ከፍ ያለ ግምት ይሰጣል። ነጋዴው ጥሬ ገንዘብ ይዞ አውድማ ድረስ ሲመጣ፣ ውሉ ደግሞ «ከሳምንታት በኋላ እንከፍላለን» ሲል፣ ብድር ያለበት ገበሬ ወደ ነጋዴው ያዘነብላል። ይህ የታማኝነት ጉድለት ብቻ አይደለም፤ የውሉም ጉድለት ነው። የክፍያው ከፊል ርክክብ በተደረገበት ዕለት እንዲከፈል በውሉ ይጻፍ።

የግብዓት ዕዳም እንዲሁ ነው። በምዕራብ ኬንያ በውል ሸንኮራ አገዳ ለሚያመርቱ ገበሬዎች የሰብል መድን ቀርቦ ነበር። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። ክፍያውን በቅድሚያ እንዲከፍሉ ከተጠየቁት ውስጥ የገቡት 5 በመቶ ብቻ ናቸው። ከምርቱ ሽያጭ ላይ እንዲቆረጥ ሲደረግ ግን 72 በመቶው ገቡ። መድኑ ያው ነው፤ የተለወጠው የመክፈያ ጊዜው ነው። ስለዚህ የዘርና የማዳበሪያ ወጪ ኪስ በሚሳሳበት በሰኔ ሳይሆን ከምርቱ ላይ እንዲታሰብ ጠይቁ።

3. መለኪያው የማን ነው?

በቬትናም የወተት አምራቾች ውል ላይ የተደረገ ጥናትም አለ። ጥራቱን የሚለካው ገዢው ራሱ ነበር፤ ገበሬው ማረጋገጥ አይችልም ነበር። ለተወሰኑት ገበሬዎች ወተታቸውን በገለልተኛ ላቦራቶሪ የማስመርመር መብት ተሰጣቸው። እነሱም ለላሞቻቸው የሚያወጡትን ግብዓት ጨመሩ፤ ምርታቸውም አደገ። ልፋቱ በትክክል እንደሚመዘን ያመነ ሰው ይለፋል። እኛም ናሙናው በፊታችን እንዲወሰድ፣ ታሽጎ አንዱ በማኅበራችን እጅ እንዲቀር፣ ክርክር ሲነሳም ሦስተኛ ወገን እንዲመረምረው እንጠይቅ።

ውድ አርሶ አደሮች፣ የግብርና ምርት ውል አዋጅ ቁጥር 1289/2015 ከወጣ ወዲህ የውል እርሻ የራሱ ሕግ አለው። ሕጉ የሚጠቅመን ግን የፈረምነውን ስናውቅ ነው። ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ እንደሚባለው ከመፈረማችሁ በፊት ከማኅበራችሁና ከልማት ሠራተኛችሁ ጋር ተቀምጣችሁ እነዚህን ጠይቁ፦

- የሚቀነሰው በምን ምክንያት ነው? በእጃችን ያለ ነገር ነው?
- የመጀመሪያው ክፍያ በየትኛው ቀን ይደርሰናል?
- የግብዓት ዕዳ መቼና ከምን ላይ ይቆረጣል?
- የሚለካው ማን ነው? ባንስማማ ማን ይዳኘናል?

ለአራቱም መልስ ያላገኘ ውል ዋጋው ቢያምርም ገና አላለቀም። ጎረቤቶቻችሁ የሚፈርሙት እናንተን አይተው ነውና፣ አንብባችሁና ጠይቃችሁ ፈርሙ።