አዳራሻችንና ተዳፋቱ መሬት
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ በበርክ የተደረገ ንግግር)



ለአዳራሽ የታየልን ቦታ ተዳፋት በመሆኑ ሁለት ስብሰባ ሙሉ ተከራክረናል። ዋጋው የወረደውም በዚሁ ምክንያት ነው። «በዶዘር ደልድለን እንሥራ» የሚሉ ወገኖች በርትተዋል። እኔ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን ሳልጨርስ የወጣሁ ታክሲ ነጂ ነኝ፤ ሆኖም ሻንጣ ተሸክሜ ያልወጣሁት የበርክ ደረጃ ስለሌለ ጥቂት እንድናገር ፍቀዱልኝ።

ከአሌክሳንድሪያ ከተማ በስተደቡብ ሆሊን ሂልስ የሚባል ሰፈር አለ። ከእ.ኤ.አ. 1949 ጀምሮ የተሠራ ሲሆን፣ የቤቶቹ ንድፍ የቻርልስ ጉድማን ነው፤ በ1941 የተከፈተውን የናሽናል ኤርፖርት ተርሚናል ከነደፉት አንዱ። ጉድማን ኮረብታውን አልደለደለም። ቤቶቹን ወደ መንገድ በሰልፍ ከማቆም ይልቅ እንደ መሬቱ አቀማመጥ አዞራቸው፤ ስለዚህ የአንዱ መስኮት ከጎረቤቱ መስኮት ጋር አይፋጠጥም። በተዳፋቱ ላይ ያሉት ቤቶች የታችኛው ፎቅ ጀርባው ኮረብታው ውስጥ ገብቶ፣ ፊቱ በመስታወት ወደ ዛፎቹ ይከፈታል። ከላይ ሲያዩት አንድ ፎቅ፣ ከታች ሲያዩት ሁለት። (ወጥ ቤቱ ግን ጠባብ ነው፤ ለእኛ ቁሌት አይሆንም።) ሰፈሩ በ2013 በአሜሪካ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ገብቷል።

አሁን እዚህ በርክ ብዙዎቻችን የምንኖርበትን ቤት አስቡት። በሩን ከፍተን ስንገባ የምንቆመው ደረጃ መካከል ነው፤ ሳሎኑ ወደ ላይ፣ ምድር ቤቱ ወደ ታች። ለቅሶ ሲሆን እናቶቻችን በሁለት ሰው ተደግፈው ነው የሚወጡት። አዳራሻችንንም እንዲህ ልናደርገው ነውን?

ተዳፋቱን ብንጠቀምበት የላይኛው ወለል ከመንገዱ ጋር እኩል ይሆናል፤ አዳራሹ በዚያ ሆኖ አረጋውያን አንድ ደረጃ ሳይረግጡ ይገባሉ። ወጥ ቤቱና የልጆች የአማርኛ ክፍል ከታች፣ የራሳቸው በር ኖሯቸው። (ድስት የሚያወጡልን ጎረምሶች አናጣም።) ደልድለን ብንሠራ ግን በደንብ ያልተጠቀጠቀ ሙሌት አፈር ውሎ አድሮ ይሰምጣል፣ ወለሉም ይሰነጠቃል።

የሚያስፈራው ውሃ ነው። ከኮረብታው ጋር የሚገጥመውን ግድግዳ አፈርም ውሃም ይገፋዋል። በውጭ በኩል ውሃ የማያስገባ ልባስ፣ ከኋላው ጠጠር፣ ከሥሩ የተበሳሳ ቧንቧ ካልተደረገለት የታችኛው ፎቅ ይሻግታል። በዚህ ላይ ገንዘብ ልቆጥብ የሚል ኮሚቴ ካለ እኔ ከአሁኑ ተቃዋሚ ነኝ።

ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ዝናብ በጣለበት ቀን አብረን ሄደን ውሃው በየት እንደሚወርድ እንይ። መኪና የሌላችሁን እኔ አደርሳለሁ፤ ሜትር አልከፍትም።